ከጥቁሩ ቀለም ሥር

ዶክተሩ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያዘና «ይቺን ነጥብ ያዩዋታል?» አለ።

ኢንስፔክተር ሩክሚኒ ጠጋ ብላ አየች። ከበሽተኛው ቀኝ ትከሻ አጥንት ሥር ምስር የምታህል ድፍን ያለች ነጭ ነገር ተቀምጣለች።

«እሁድ ጠዋት ሲያመጡት ከኮኮናት ዛፍ ወደቀ ነው ያሉኝ። ከዛፍ የወደቀ ሰው ደግሞ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም። እግሩን ጠግነን በጀሶ አሰርነው፣ የትከሻ አጥንቱንም አስተካከልን። ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እንጨት የወጋው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ትከሻው እንዴት እንደያዘ ለማየት ራጅ ባስነሣው እቺ ብቅ አለች።» ዶክተሩ ራጁን አወረደው። «እርሳስ ነው። የአየር ጠመንጃ ጥይት።»

«ትገድለው ነበር?»

«እሷ እንኳ አጥንቱ ላይ ነው የቆመችው። የሚገድለው መውደቁ ነበር። ከሥር የተከመረ ደረቅ ቅጠል ባይቀበለው ኖሮ ወደ እኔም አይመጣ።»

«ከእንግዲህ ዛፍ ይወጣል?»

«በዚያ እግር?» አለ ዶክተሩ። «ደረጃ ከወጣም ትልቅ ነገር ነው።»

ዋርሳ የተኛበት ክፍል ገበያ መስሏል። ከካራንግሎዋ መንደር ያልመጣ ሰው የለም። አልጋው ሥር ሙዝ ተከምሯል፤ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል። ሩክሚኒ ጠያቂዎቹን በትሕትና አስወጣችና ከዋርሳና ከሚስቱ ከኢማስ ጋር ቀረች። ሳጅን ኤንኩስ ያንን የሚያህል ሰውነቱን በር ላይ አቆመ፤ ዓይኑ ግን ሩዙ ላይ ነበር።

ዋርሳ ክንደ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነው። በጠዋትና በማታ ኮኮናት ዛፍ ላይ እየወጣ አበባውን በቢላ ይቆርጥና የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውኃ በቀርከሃ ይቀበላል፤ ኢማስ ደግሞ ያንን አፍልታ ጥቁር ስኳር ታወጣለች። የቤታቸው ኑሮ ያ ነው።

«አንሸራተተኝ» አለ ዋርሳ። «ጤዛ ነበር። ዕድሜ ልኬን የተሸከመኝ ዛፍ አንድ ቀን ቢጥለኝ ምን ይገርማል? ሚስትም እኮ ትጥላለች።»

«እስከ ዛሬ ጥዬህ አላውቅም» አለች ኢማስ። «አሁን ግን ልጀምር ነው።»

«ጀርባህ ላይ ያለችው እርሳስስ፣ ጋሽ ዋርሳ?» አለች ሩክሚኒ።

ኢማስ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ጣሪያውን ያያል።

«የድሮ ትሆናለች» አለ በመጨረሻ። «ልጅ ሆነን እንተኳኮስ ነበር።»

«ቁስሉ አዲስ ነው።»

«እንግዲህ እኔ ጀርባዬ ላይ ዓይን የለኝም።»

ኢማስ ከወንበሯ ተነሣች። «ሃጂ ባስሪ ነው! ድንበሩ ላይ ባለው ዛፍ የተነሣ ሰው እየሰማ ‹አንድ ቀን ከዛፍህ ላይ አወርድሃለሁ› ብሎታል። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ኢማስ፣ ተይ። ሃጂ ባስሪ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለች ሩክሚኒ።

«ማንም። ጤዛ ነው አልኩዎት እኮ።»

ሩክሚኒ አልተከራከረችውም። የተኮሰውን የማያውቅ ሰው፣ ያልተኮሰውን እንዴት በእርግጠኝነት እንደሚያውቅ ግን ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው።

ኢማስ እስከ ኮሪደሩ ሸኘቻት። እዚያ ስትደርስ ቁጣዋ ለቅቋት ዓይኗ በእንባ ሞላ።

«እንዴት አገኘሽው?» አለቻት ሩክሚኒ።

«ለስኳሩ እሳት እያቀጣጠልኩ ነበር። አንድ ሞተር ሳይክል በሬ ላይ መጥቶ ክላክሱን ለቀቀው። እንዲሁ እንደ እብድ፣ ሳያቋርጥ። ማማሰያዬን ይዤ እየተሳደብኩ ስወጣ ሰውም የለ፣ ሞተርም የለ፤ አቧራው ብቻ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ነው ከጓሮ፣ ከዛፎቹ መሐል፣ የሰው ማቃሰት የሰማሁት።»

«ማን እንደነበር አላየሽም?»

«መንገዱ ላይ ሞተር ምን ጠፍቶ! እሱን ለማየት ጊዜስ መች አገኘሁ።»

«አሁን ዛፎቹን ማን ይዟቸዋል?»

የኢማስ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። «ሄንዳር ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። ከዋርሳ ጋር አብረው ነው ያደጉት። ዛፉ ሳይቆረጥ ከቆየ ይነጥፋል፤ ከነጠፈ ደግሞ እኛም አለቀልን። ሄንዳር እኮ ከፍታ ይፈራል! ድልድይ ላይ እንኳ ወደ ታች የማያይ ሰው ነው። አሁን ጠዋት ማታ ይወጣል። ሻይ ጠጣ ስለው ቤት እንኳ አይገባም፣ ቀርከሃውን በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል።»

ሃጂ ባስሪ ፖሊስ መጣ ሲባል ከዓሣ ኩሬው ሽርጡን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወጣ።

«ብዬዋለሁ!» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ከዛፍህ አወርድሃለሁ ብዬዋለሁ። እሱስ ምን እንዳለኝ ኢማስ ነገረችዎት? ‹ሃጂ፣ እርስዎ ከመሬት ሆነው ጣትዎ የማይደርስበት ነገር የእርስዎ አይደለም› አለኝ! የእኔን ዛፍ!»

«የአየር ጠመንጃ አለዎት ይባላል።»

«አለኝ። ሽኮኮ ኮኮናቴን ሲጨርሰው ቆሜ ልይ?»

«ያምጡታ።»

ሃጂ ገብቶ ብዙ ቆየና ጠመንጃውን በአቧራ እንደተሸፈነ ይዞት ወጣ። በእጅ እየተነፋ የሚሠራ አሮጌ ነው። ኤንኩስ ተቀብሎ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዞረና ባንድ ዓይኑ አየ። ከዚያ ስንጥር አንሥቶ ጎረጎረው። ድፍን ያለ ደረቅ ጭቃ ወደቀ፤ ከጭቃው ውስጥ አንዲት ተርብ ወጥታ በረረች።

«ሃጂ፣ ሽኮኮውን በተርብ ነው እንዴ የሚተኩሱት?» አለ ኤንኩስ።

ሃጂ ባስሪ መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ቀጥሎ ራሱም ሊስቅ ከጀለውና ተወው። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይተርፋል?»

«ተርፏል። ዛፍ ግን አይወጣም።»

«አይወጣም?» ሃጂ ወደ ድንበሩ ዛፍ ቀና ብሎ አየ። ሲሟገትበት የኖረው ዛፍ ድንገት የሰለቸው ይመስል ነበር። «ለኢማስ ንገሩልኝ... አይ ተዉት፣ ራሴ እሄዳለሁ።» እነ ሩክሚኒ ሳይወጡ ልጆቹን ተጣርቶ ትልቁን ዓሣ እንዲያወጡ አዘዘ።

የዋርሳ ዛፎች ከቤቱ ጀርባ እስከ ወንዙ ይዘልቃሉ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ እዚያ ሲደርሱ አንድ ሰው ዛፍ ላይ ነበር። ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ጉንጩን ቅርፊቱ ላይ ለጥፎ፣ እያንዳንዷን እርከን በእግሩ እየዳሰሰ ይወርዳል። የሁለቱም እግሮቹ ቅልጥም ተልጦ ደም አርግዟል።

«ሄንዳር ነህ?» አለች ሩክሚኒ።

«አዎ።» ዕድሜው ከዋርሳ ጋር እኩያ ነው። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። «እንዴት ነው እሱ?»

«ደህና ነው። ይቀልዳል።»

«ይቀልዳላ» አለ ሄንዳር፣ ወደ መሬት እያየ። ቀርከሃውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደ።

ሩክሚኒና ኤንኩስ ዋርሳ የወደቀበትን ዛፍ ዞሩት። ዋርሳ አበባውን ሲቆርጥ ጀርባው ወደ ወንዙ እንደነበር የተቆረጠው አበባ ያለበት ጎን ያሳያል። ስለዚህ ጥይቱ የመጣው ከወንዙ በኩል፣ ዳር ላይ ካለው የሙዝ ተክል አቅጣጫ ነው። ሩክሚኒ በዚያ መስመር ቀስ ብላ ሄደች። ከዋርሳ ዛፍ አጠገብ ባለው ሌላ ኮኮናት ሥር ጉንዳን የወረረው ነገር አየችና ቆመች።

ሽኮኮ ነው። ኤንኩስ በእንጨት ገለበጠው። አንገቱ ላይ ቀዳዳ አለ።

«ጅራቱ አለ» አለ ኤንኩስ፣ እየገረመው።

«ቢኖርስ?»

«አለቃ፣ አዳኝ የገደለውን ሽኮኮ ጅራቱን ቆርጦ ነው የሚሄደው። እሁድ እሁድ የሽኮኮ አዳኞች ክለብ ሲሰበሰብ የሚቆጠረው ጅራት ነው። ጅራቱን ትቶ የሚሄድ የለም።»

«ካልደነገጠ በቀር።» ሩክሚኒ ወደ ላይ አየች። የሁለቱ ዛፎች ቅጠል ተነካክቷል። «አንዱን ሽኮኮ ጣለ። ሌላው ወደ ዋርሳ ዛፍ ዘለለ። ተከትሎ ተኮሰ። ሰው ለመግደል የመጣ ሰው ሽኮኮ ገድሎ አይጀምርም።» ወደ ኤንኩስ ዞረች። «አንተ የዚህ ክለብ አባል አይደለህም እንዴ?»

ኤንኩስን ላብ አጠመቀው። «እኔንም ሊጠይቁኝ ነው?»

«እሁድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ወንዙን ተሻግረን ነበር፣ ሁላችንም! ከማዶ ያለው መንደር ሽኮኮ ፈጀን ብሎ ጠርቶን ነው። ይኸው ፎቶ አለኝ።» ስልኩን እየተንተባተበ አወጣ። «የእኛ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው ዝም አይሉም፣ አለቃ። አውቃቸዋለሁ።»

ፎቶው ላይ ወንዶቹ በቀትር ፀሐይ ጠመንጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ተሰልፈዋል። ከጠመንጃዎቹ ሥር የታመቀ አየር የሚይዙት ሲሊንደሮች ይታያሉ፤ ቀይ አለ፣ ብርማ አለ፣ እሳት የተሣለበት አለ። በዚያ አገር አዳኝ ጠመንጃውን የሚያስውበው በሲሊንደሩ ነው፤ ሴት በአንገት ልብሷ እንደምታጌጥ። ሩክሚኒ ፊቶቹን አልፋ ጠመንጃዎቹን ባንድ ጣቷ እየነካካች ሄደች። ጫፍ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ ሄንዳር ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ሲሊንደሩን በፎጣ የጠቀለለው ለምንድን ነው?»

«ፀሐይ እንዳይመታው ነው አለ። ተሳሳቅንበት።»

«ምን ዓይነት ነው ሲሊንደሩ?»

«አረንጓዴ ሆኖ፣ ወፍ ያለበት ነው። ያቺ ወንዝ ዳር ዓሣ የምትጠልፈው፣ ደረቷ ብርቱካንማ የሆነችው ወፍ። አገሩ በሙሉ ያውቀዋል። እሱም ሰው እንዲያየው ይዞት የማይዞርበት ቦታ የለም።» ኤንኩስ የሚናገረውን ራሱ የሰማው ይመስል ድንገት ቆመ። «ዘግይቶ ነው የመጣው» አለ ቀስ ብሎ። «ሁላችን ከተሰበሰብን በኋላ።»

ከዛፎቹ መሐል የሄንዳር ቢላ ሲቆርጥ ይሰማል።

በማግስቱ ጠዋት ስለ ሄንዳር ሲሊንደር ለመጠየቅ ያያት ወደሚባል ቀለም ቀቢ ሄዱ። ያያት የሞተር ሳይክል ነዳጅ ጋን፣ የራስ ቁር፣ የጠመንጃ ሲሊንደር፣ የመጣለትን ሁሉ ይቀባል። ግቢው ውስጥ በሽቦ የተሰቀሉት ነገሮች በነፋስ ይወዛወዛሉ።

«ሄንዳር?» አለ፣ አፉን የሸፈነበትን ጨርቅ እያወረደ። «አዎ፣ ሰኞ መጥቶ ነበር። ጥቁር አድርግልኝ አለ። ጥቁር! እኔማ ልቤ ተሰበረ። ያንን የመሰለ ወፍ!»

«በምድጃ አደረቅኸው?» አለ ኤንኩስ።

«አብደሃል? የአየር ሲሊንደር በእሳት? ብረቱ ተዳክሞ ነገ ፊቱ ላይ እንዲፈነዳበት? አየሩን ጨርሶ ባዶ አድርጎ ነው ያመጣው፣ እኔም ነፋስ ላይ ነው የሰቀልኩት። አንገቱ ላይ ያለውን የግፊት ቁጥር እንኳ በፕላስተር ሸፍኜ ነው የቀባሁት። ሥራዬን አውቃለሁ። እሱ ግን አላሠራ አለኝ። የድሮው ቀለም ተፍቆ እስኪያልቅ፣ አንቲረስቱ እስኪደርቅ ጠብቅ ብለው፣ ‹ቀባው ብቻ› ይላል። ብርጭቆ ወረቀት እንኳ በደንብ አላስነካሁትም።»

«ምክንያቱን ነገረህ?»

«አልነገረኝም። አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ሰው ጠመንጃውን ሲያስቀባ አጠገቤ ቆሞ እዚህ ጋ፣ እዚያ ጋ እያለ ያሰለቸኛል። እሱ ወፉ ላይ ስደርስ ጀርባውን ሰጥቶኝ መንገዱን ያይ ነበር።»

«ወፉን የሣለው ማን ነው?»

«እኔ በሆንኩ!» አለ ያያት። «እኔ በመርጫ ነው የምሠራው። ያ በብሩሽ፣ ላባ በላባ የተሠራ ነው። ለዚያ የሚሆን ትዕግሥት የለኝም።»

ሄንዳር ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የተላጠ እግሩን ዘይት ይቀባ ነበር። ሩክሚኒ ጠመንጃውን ስትጠይቀው አልተገረመም። ከውስጥ አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ሲሊንደሩ ጥቁር ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል።

«ለምን አስቀየርከው?»

«ሽኮኮዎቹ ቀለሙን እያዩ ይሸሹብኛል።»

«ድሮም ያዩት ነበር።»

«አዎ» አለ ሄንዳር።

«ሲሊንደሩን ለትንሽ ጊዜ ልወስደው ነው።»

ፈትቶ ሰጣት።

መኪናው ውስጥ ኤንኩስ መታገሥ አቃተው። «አለቃ፣ ለምን አልያዝነውም? ሁሉ ነገር እሱ ላይ ነው!»

«ምን አለን? ጥቁር ቀለም። ጠመንጃውን ጥቁር መቀባት ወንጀል አይደለም። እርሳሷ ከማን ጠመንጃ እንደወጣች ማንም ሊነግረን አይችልም። የተመታው ሰው ደግሞ ጤዛ ነው ይላል።» ሲሊንደሩን ጭኗ ላይ አገላበጠችው። «ሄንዳር ይሄን ከሰው ዓይን የሸሸገው በዚያው ቀን ነው። ያየው ሰው ቢኖር ነው እንጂ ለምን ይሸሽገዋል? በዚያ ጠዋት ዛፎቹ መሐል ሌላ ሰው አልነበረም። ሊያየው የሚችለው ዋርሳ ብቻ ነው።»

«ካየው ታዲያ ለምን ይደብቃል?»

«እሱን ነው ልጠይቀው የምሄደው» አለች ሩክሚኒ። «ኤንኩስ፣ የካራንግሎዋ ሰው በሙሉ ሆስፒታል መጥቷል። ሃጂ ባስሪም ዛሬ ይመጣል። ሄንዳር ብቻ ነው ያልመጣው። እኛም ዛፍ ላይ ስላየነው ሥራ በዝቶበት ነው አልን።»

ዋርሳ የዚያን ቀን አልቀለደም። ትከሻው ሲያመው አድሯል። ኢማስ ገንፎ እያጎረሰችው ነበር።

ሩክሚኒ ሳትናገር ሲሊንደሩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው።

ዋርሳ አየው። ማኘኩን አቆመ። ብዙ ጊዜ ካየው በኋላ ደህናውን እጁን ዘርግቶ አነሣውና አውራ ጣቱን በጥቁሩ ቀለም ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው፤ ዓይነ ስውር የሰው ፊት እንደሚዳስስ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ዓይኗ እዚህ ጋ ነው» አለ።

ሩክሚኒ ጣቷን እሱ ያሳያት ቦታ ላይ አኖረች። ከጥቁሩ ሥር ትንሽ ጉብ ያለች ነገር አለች። ከዚያ ወዲያ ሸንተረር ሸንተረር ይላል፤ ላባው ነው።

«አንተ ነህ የሣልካት።»

«እኔ ነኝ። ሄንዳር ጠመንጃውን የገዛ ጊዜ። ያኔ ብሩሽ ስላልነበረኝ ከኢማስ ፀጉር ቆርጬ ነው የሠራሁት።» ኢማስ ማንኪያውን እንደያዘች ቀርታለች። ዋርሳ ቀጠለ። «ዛፍ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ በሙዙ ቅጠል መሐል ብልጭ ስትል አየኋት። ሰውየውን አላየሁትም፤ እሷን ነው ያየኋት። ሄንዳር መጣ፣ ይቺን ልቁረጥና እጠራዋለሁ ብዬ ዞርኩ። ሽኮኮው በራሴ ላይ ሲዘል ተሰማኝ። ከዚያ ጀርባዬን እንደ እሳት አቃጠለኝና ለቀቅሁት።»

«እያወቅህ ነው እንዴ?» አለች ኢማስ። «እኔ ሃጂን ስራገም እያወቅህ ዝም አልከኝ?»

«ሃጂ አይደለም አልኩሽ እኮ።»

«ለምን አልነገርከንም፣ ጋሽ ዋርሳ?» አለች ሩክሚኒ።

«ራሱ እስኪነግረኝ ነዋ።» እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። «ሽኮኮ ሲያይ ሌላ አይታየውም፣ ከልጅነቱም እንዲሁ ነው። እሱን በልቤ የተውኩት ገና ቅጠሉ ላይ ተኝቼ ሳለሁ ነው። ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር እሱ ነው እያልኩ ቀና እላለሁ። እኔ ቀድሜ ከተናገርኩ ፖሊስ ያመጣዋል እንጂ ሄንዳር አይመጣም። አሁን ደግሞ ይሄ!» ሲሊንደሩን አነሣው። «ምን አድርጌው ነው ያጠፋት? የሞተሩን ድምፅ ሰምቻለሁ። መሬት ላይ ሆኜ ሲሄድ ሰምቼዋለሁ።»

ሩክሚኒ ወደ ኢማስ ዞረች። ኢማስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ክላክሱ!» አለች። «ዋርሳ፣ ያ ሞተር የትም አልሄደም። በሬ ላይ መጥቶ ነው የጮኸው። እኔ እስክወጣ ሲጮኽ ነበር!»

ዋርሳ ሁለቱንም አፈራርቆ አያቸው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

«ታዲያ ለምን አይመጣም?» አለ፣ እንደ ልጅ።

ሩክሚኒ ዛፉ ሥር ቆማ ሄንዳር እስኪወርድ ጠበቀች። ከላይ እያያት፣ ዛሬ ከሌላው ቀን ሁሉ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ዋርሳ አይቶሃል» አለችው። «ከመተኮስህ በፊት። ወፏን አይቶ ሊጠራህ ነበር።»

ሄንዳር ቀርከሃውን አስቀመጠ፤ ከዚያ ራሱም ዛፉ ሥር ቁጭ አለ።

«እኔ እሱን አላየሁትም» አለ። «በአላህ እምላለሁ አላየሁትም። ለክለቡ ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብዬ ነው የገባሁት። ከቅጠሉ ውስጥ ሰው ሲወጣ... ሲወድቅ... የሞተ መሰለኝ። እግሬ ወደ እሱ አልሄድ አለኝ። ሞተሬን አስነሥቼ ኢማስ በር ላይ ጮህኩ፤ በሩ ሲከፈት ፊቷን ማየት አቃተኝና ሄድኩ።»

«ቀለሙስ? ማስረጃ ለማጥፋት ነው?»

«ፎጣውን የጠቀለልኩት ለዚያ ነው፣ አልዋሽም። ቤት ስገባ ግን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፣ ወፏ ታየኛለች። አዞርኩት፣ በሌላ ዓይኗ ታየኛለች። ዋርሳ ከሁለቱም ወገን ነው የሣላት።» ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። «እሰሩኝ። የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። እዚያ ክፍል ግን አታስገቡኝ።»

«ጣቢያ መሄድህ አይቀርም» አለችው ሩክሚኒ። «ቃልህን ትሰጣለህ፣ የሚመጣውን ትቀበላለህ። ቆስሎ የወደቀ ሰው ትተህ መሄድህንም እጽፋለሁ፣ ክላክሱንም እጽፋለሁ። እዚያ ክፍል ግን አላስገድድህም። ሰውየው በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለ መሆኑን ብቻ እወቅ።»

ሄንዳር ተነሣና ቀርከሃውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ይሄን መጀመሪያ ለቤቱ ላድርስ» አለ። «ከቆየ ይጎመዝዛል።»

የሆስፒታሉ ኮሪደር ጸጥ ብሏል። ሄንዳር በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ገፋው። ሩክሚኒና ኤንኩስ ውጭ ቀሩ፤ በሩ ግን ገርበብ እንዳለ ነው።

ዋርሳ ቀና አለ። ኢማስ ሄንዳርን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የምትናገረው ነገር አፏ ላይ የደረሰ ይመስል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ግን ወንበሯን ለቀቀችለትና ወደ መስኮቱ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችው። እሱ አልተቀመጠም።

«ቅልጥምህ ምን ሆነ?» አለ ዋርሳ።

«ዛፉ ነው።»

«እያቀፍከው ነዋ የምትወጣው! ጉልበትህን ክፈት፣ በእግርህ ግፋ፣ ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ?»

«ዋርሳ፣ እኔ...» አለ ሄንዳር። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የመታሁህ።»

«አውቃለሁ።»

«ጥዬህም ሄጃለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ገና ብዙ እሰድብሃለሁ፤ አሁን ግን አቆየው።» ዋርሳ በደህናው እጁ ብርድ ልብሱን ገለጠ። «ሽንቴ ወጥሮኛል። ነርሷ የምታመጣው ፖፖ ነው፤ ተኝቼ እምቢ አለኝ። ኢማስ ደግሞ አትችለኝም። ና፣ አንሣኝ።»

ኤንኩስ ካቴናውን ከወገቡ ፈትቶ በእጁ ይዞ ነበር። ሩክሚኒ ፊቷን ሳታዞር እጇን ዘርግታ ካቴናውን ዝቅ አደረገችለት። ሁለቱም ወደ ግድግዳው ተጠግተው መንገድ ለቀቁ።

ሄንዳር ዋርሳን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። በጀሶ የታሰረው እግር ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ቀርቷል። የሄንዳር ፊት በእንባ ርሷል፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም።

«በሩን! በሩን! እግሬን በሩ ላይ እንዳትመታው!» ይላል ዋርሳ። «አይታይህም እንዴ? ወደ ቀኝ፣ ሄንዳር፣ ወደ ቀኝ!»